ለእማዬ መኪና ስንመርጥ

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ትናንት ከባሕር ዳር ተመለስን። እማዬን አርብ ገበያ ከተማ ቤቷ አድርሼ፣ እዚያው አድሬ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ንፋስ መውጫ ቤቴ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ንዴቴ ግን ከእግሬ ይብሳል።

ሐኪሙ ያለውን ሳልረሳው ልጻፈው። የግራ ዓይኗ አልቆለታል። "የዓይን ግፊት ነው፤ ሳያሳምም ነው የሚጨርሰው" አለ። ቀኙ ገና ብርሃን አለው፤ ግን እሱንም ጀምሮታል። ለጊዜው ጠብታ ሰጣት። ቀዶ ሕክምናው ግን የዓብይ ጾም መግቢያ ሳያልፍ መሠራት አለበት ብሎ ቀጠሮ ያዘላት። "ከዚያ ካለፈ የጠፋውን ልመልስላችሁ አልችልም" አለና እኔን እኔን አየኝ። እማዬ እሱ ሲናገር ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የፕላስቲክ ዓይን ነበር የምታየው። "ይሄ ያምራል፤ ይሄን አይገጥሙልኝም?" አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስንመለስ የደረሰብንን መቼም አልረሳው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም። የአውቶቡሱ ረዳት የመጨረሻው ወንበር ላይ ከዘይት ጀሪካን ጋር ሰካት። እግሯን መተላለፊያው ላይ ዘረጋችው፤ የወጣ የወረደ ሁሉ ረገጠው። ጋሳይ ሳንደርስ አስመለሳት። አንድ ጎረምሳ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱን! ያን ጊዜ ማልኩ፤ እናቴ ሁለተኛ አውቶቡስ ላይ አትወጣም።

ማታ ለመልካሙ ነገርኩት። ባሌ ለወትሮው ስልኩን እያየ ነው የሚሰማኝ። ዛሬ አስቀመጠው። "በቃ፣ መኪናውን እንግዛ። ለእናትሽ ስንል" አለ። አለቀስኩ። ለካ ያለ ስሙ ነው የማማው ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አማቴ አባባ ካሳ ከገጠር መጡ። ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ለመኪናው ሊያግዙን ነው። ስለዚህ መኪናው ላይ ድምፅ አላቸው።

ከምሳ በኋላ ስብሰባ የሚመስል ነገር ተቀመጥን። መልካሙ ከስልኩ አዲስ አዲሱን እያወጣ ያሳያል። መሪው ላይ ቁልፍ የተደረደረበት፣ ወንበሩ የሚሞቅ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኽ። አባባ ካሳ አንዱን አይተው "ይሄስ ዓይኑ ለምን ጠበበ?" አሉ፤ መብራቱን ነው። አዲስ መኪና ከአቅማችን በላይ እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ግን ስላዩት አይከፈልበትም። ሲመሽ ያገለገለ ይሁን ተባለ። ትንሿ ዓይነት አትሆንም፣ ቤተሰብ አትይዝም። ከፍ ያለው ቤንዚን ይጠጣል፤ ቤንዚን ደግሞ በሃይላንድ እየተቸረቸረ ነው። መካከለኛ አውቶሞቢል፣ አምስት ሰው በክብር የሚይዝ፣ የዕቃ ቦታው ጥሩ የሆነ።

"ከኋላ እግር የሚያዘረጋ" አልኩ እኔ።

"እሱማ ይኖረዋል" አለ መልካሙ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አማን መኪናውን ሊሸጥ ነው አሉ። አማን ከገበያው በላይ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚነግድ ሰው ነው፤ ልጆቹን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ዕቃ የሚጭን መኪና ሊገዛበት ነው። ነጭ አውቶሞቢል ናት፤ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጨርቅ አልብሶ ነው የሚያኖራት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ከመልካሙ ጋር ሄደን አየናት።

"ግቢና እያት እንጂ፤ መኪና ከውጭ አይታወቅም" አለኝ አማን። ከኋላ ገባሁ። ቀኝ እግሬን እንደ እማዬ አደረግሁት፤ ደርቆ፣ ሳይታጠፍ። ተዘረጋ! ትራስ ቢገባበት እንኳ ቦታ ይተርፋል። በሩም ሰፊ ነው፤ ሰውነትን ሳያጣጥፉ ይገባል። አማን ምን እንደማደርግ ገብቶት የፊቱን ወንበር ትንሽ ወደፊት ገፋልኝ። "ለእናትሽ ነው አይደል? አላህ ያሽራቸው" አለ።

ወጥቼ "ይቺ ትሁን" አልኩ። መልካሙ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር እያየ ነበር። ስለ ሞተር የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው። አልሰማኝም መሰለኝ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

አባባ ካሳ መኪናዋን ሊያዩ መጡ። ቀስ ብለው ዞሯት። ጎማዋን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ኮፈኑን አስከፍተው አንገታቸውን አስገቡና ቆዩ፤ የከብት ጥርስ ሲያዩ የሚቆዩትን ያህል። ከዚያ ጀርባዋን ዳበሱ።

"ዕድሜዋስ?" አሉ። አማን ነገራቸው።

"ጠና ብላለች።"

ከዚያ የፈራሁት መጣ። "እኔ በሬ ስገዛ ጠምጄ ነው። እቤቴ ሰንብቶ፣ ማሳዬን ገልብጦ ካላየሁት እጄን ኪሴ አልሰድም። ይቺም እንደዚያው ትሁን" አሉ።

አማን ሳቀ፤ ፊታቸውን ሲያየው ግን ተወው። እዚህ አገር በሬ እንዲህ እንደሚገዛ ያውቃል፤ የባላገር ደንበኛ ነው የሚያኖረው። "ይሁን አባባ፣ ሳምንት ትሰንብትልዎ። እንደ ልጄ አድርጌ ነው የያዝኳት ግን፣ አደራ" አለ። መልካሙ ቁልፉን ተቀበለ። አንድ ነገር ቢደርስባትስ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጥር 26፣ ሰኞ

መኪናዋ ደጃችን ቆማለች። ነገ አርብ ገበያ ወርደን እማዬን እናምጣት አልኩት።

"ፍሬኗን ሳላውቀው እናትሽን ልጫንባት? አንድ ነገር ቢሆኑስ?" አለ መልካሙ።

እውነቱን ነው፤ አሳቢ ሰው ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ቢሆን ግድ የማይሰጠን ዘመድ ይቅደም ማለት ነው።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ትናንት ክርስትና። ዛሬ ለቅሶ መድረስ። ሁሉም "ለሙከራ" ነው። አባባ ካሳ ከፊት ተቀምጠው ዱላቸውን በመስኮት አውጥተው ነው የሚሄዱት። አልወርድም ብለዋል ማለት ይቻላል። የመልካሙ መሥሪያ ቤት በእግር ሁለት እርምጃ ነው፤ በመኪና ሄደ።

የካቲት 2፣ እሑድ

የዛሬውን ልጻፈው።

ሳምንቱ ትናንት አለቀ፤ ለመልካሙ አጎት ልጅ ሠርግ አንድ ቀን ተጨመረ። አማን "ውሰዱ፣ ሠርግ ነው" አለ። መኪናዋን ሪባንና የወረቀት አበባ አለበሷት። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜ፣ ሚዜ፣ ሚዜ... እኔ በእግር ከሚመጡት ጋር ከኋላ ነበርኩ። ስምንት ሰው ሲገባ ቆጥሬያለሁ። የዕቃው ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ጆንያ። "ኧረ ይብቃ" አልኩ። አባባ ካሳ ከፊት ወንበር ሆነው "ሲጫን ነው የሚታወቅ!" አሉኝ።

ከአስፋልቱ ወርደው ወደ ሰፈሩ በሚገባው የጋሪ መንገድ ብዙም አልሄዱም። ድምፁን እኔም ሰማሁት። ድንጋይ ከሆዷ ሥር ያለውን የዘይት ቋት ቀደደው። ጥቁር ዘይት በመንገዱ ፈሰሰ። ሙሽሪት በበቅሎ ገባች። መኪናዋን በሬ ጠምደው አወጧት፤ የአባባ ካሳን የራሳቸውን በሬዎች። ሪባኗ እንደታሰረ፣ አበባዋ እንዳለ፣ በበሬ ተጎትታ አስፋልት ላይ ወጣች። ልጆች እልል አሉ።

አባባ ካሳ ግን ደስ ብሏቸዋል! "አየሽ? ምን ብዬሽ ነበር? በሬዎቼ ባይኖሩ እዚያው ነበረች" አሉኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሽምግልና፣ በአማን ሱቅ ደጃፍ።

አባባ ካሳ፦ "ለሙከራ የወሰድኩት በሬ ቢያነክስ የሚያየው ባለቤቱ ነው። ካነከሰ ደካማ ነበር ማለት ነው።"

አማን፦ "በሬዬን ገደል ላይ ጠምደውትስ እንደሆነ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ስምንት ሰው ያዘለ በሬስ የት አገር ነው ያለው?" ሲል ሁሉም ሳቁ፤ አማን ብቻ አልሳቀም። በመጨረሻ መልካሙ ያሠራት ተባለ። ልክ ነው። ግን መልካሙ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አሠራለሁ። የተቀደደ መኪና ግን አልገዛም።"

"የቀደድናት እኛ አይደለንም እንዴ?" አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።

አማን ግን ሰማኝ። "ተይ መምህርት፣ እኔም ለእናንተ አልሸጥም" አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ያ የኋላ ወንበር እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

የካቲት 9፣ እሑድ

እማዬ ደወለች፤ ማለትም ሰው አስደውላ። ቁጥሩ አልታይ እያላት ነው፣ የስልኩ ፊት አቧራ ሆኖ ነው አለች። ስለ ዓይኗ ስጠይቃት "ደህና ነኝ። ጭጋጉ ነው እንጂ። ዘንድሮ ጭጋጉ በረታ፤ እስከ እኩለ ቀን አይገልጥም" አለችኝ።

እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የካቲት ላይ ጭጋግ... ቢሆንም አየሩ ሁሉ ተቀያይሯል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አርብ ገበያ ሊሆን ይችላል።

መኪና እያየን እንደሆነ ነገርኳት። "ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ" አለች። ይሄን ስትለኝ ደግሞ የበለጠ እልህ ይይዘኛል። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ወጥቶ እያያት ከቤቷ በመኪና ነው የማወጣት። አርብ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ገበያው ሲሞላ ለእሷም ደስ ይላታል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሰውዳ ደወለች። የእማዬ ጎረቤት ናት፤ አርብ ገበያ ቅመምና ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከእነ ሰውዳ ቤት ጋር ግድግዳችን አንድ ነው።

"አንቺ ፅጌ፣ የወንድሜ የፈሃድ አይሱዙ ሰኞ ድንች ጭኖ ባሕር ዳር ይገባል። ጋቢናው ባዶ ነው። እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። አንቺ ከንፋስ መውጫ ቀድመሽ ሄደሽ ባሕር ዳር ጠብቂን" አለች።

"በድንች መኪና?" አልኳት። አፌ ላይ መጣ።

"ጋቢናው ንጹሕ ነው፣ ወላሂ" አለች።

ቅዳሜ ደብረ ታቦር መኪና እንደምናይ፣ ይሄኛው ያለቀለት እንደሆነ፣ በሳምንቱ መጥተን እንደምንወስዳት ነገርኳት። ከዚያ "ጾሙ እኮ ሰኞ ነው የሚገባው። ሐኪሙ ከጾሙ መግቢያ እንዳያልፍ አላለም?" አለች። ጥቂት ቀን ብታልፍ ምን ታመጣለች አልኳት። "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለችና ዘጋች።

ይሄ "አንቺ ታውቂያለሽ" የሚሉት ነገር ያናድደኛል። እናቴ ዕድሜ ልኳን በጀርባዋ ድንች ተሸክማ አሳደገችኝ፤ አሁን ደግሞ ከድንች ጋር ትጫን? ልጇ መምህር፣ አማቿ የወረዳ ሠራተኛ ሆኖ ሰው ምን ይላል? ለክብሯ ብዬ ነው። ለእኔ ብዬ አይደለም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ደብረ ታቦር። ደላላው ተክሌ ጥቁር አውቶሞቢል አሳየን። ከኋላ ገባሁ፣ እግሬን ዘረጋሁ፣ ጥሩ ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ ካምቢዮው ለስላሳ ነው፣ ሆዱም ከአማን መኪና ከፍ ያለ ነው። ቦሎው የዘንድሮ። ያየው መካኒክ "ይሄን ከለቀቃችሁ ትጸጸታላችሁ" አለ።

መልካሙ ዞረው፣ ዞረው፣ ከዚያ "ጥቁር ነው" አለ።

"እና?"

"ሬሳ የሚያመላልስ ይመስላል። ደግሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ጥቁር ነው የያዘው። እሱን ተከትሎ ገዛ ይሉኛል።"

ነጭ እንዳይሆን የአማንን ይመስላል። ቀይ የጎረምሳ ነው። ሰማያዊ አይወድም። ብርማ ነው የሚፈልገው፤ ብርማ አቧራ አያሳይም። ተክሌ "ብርማ እፈልግልሃለሁ ጋሼ" አለው፤ ጋሼ ሲባል ደስ ይለዋል። መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። እሱ አላስተዋለም፣ ስለ ብርማ ያወራ ነበር።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

መንገድ ተዘጋ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከየትም ወደ የትም መኪና አይሄድም። አይሱዙው ትናንት አልፏል አሉ፣ ባሕር ዳር ደርሷል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

አሁንም ዝግ ነው። ስልክም አንዳንዴ ነው የሚሠራው። ጠብታው አልቋል። እዚህ ያሉ ፋርማሲዎችን ሁሉ ዞርኩ፤ የለም። ባገኘውስ በማን እልከዋለሁ?

መምህራን ክፍል ሁለት ሴቶች እኔ ስገባ ዝም አሉ። በሩ ጋ ግን ሰምቻቸዋለሁ። "መኪናዋስ?" "ገና ቀለም ላይ ናቸው።" ሳቁ። ማነው የነገራቸው? እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን ይነግራቸዋል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

መስመሩ ሲገባ ሰውዳ ደወለች። እማዬ ውኃ ስትቀዳ ከጣሳው ውጭ አፈሰሰች። የገዛ ቤቷ ምሰሶ ግንባሯን መታት። ሰውዳ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ታደርሳታለች፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ሄዳ ታመጣታለች። ራሷ ሮመዳን ይዛ።

"ጭጋጉ ነው ትለኛለች። ምን ጭጋግ አለ ፅጌ? አገሩ ፀሐይ ነው" አለች።

አውቃለሁ። አውቄ ነበር። አይ፣ አላወቅሁም ነበር። ምኑን ላውቅ እችላለሁ ከዚህ ሆኜ!

መጋቢት 12፣ ዓርብ

መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባሶች ከጠዋት ጀምሮ እየጮኹ ነው። እንደ ልቤ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ወርጄ አመጣት ነበር።

ፈተና እያስፈተንኩ ነው። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ተክሌ ብርማ አግኝቷል፣ ባሕር ዳር፤ መልካሙ ነገ ሄዶ ያያል። ሦስተኛ፣ ምዬ ነበር፣ አውቶቡስ ላይ አላወጣትም ብዬ። ያን ሁሉ ጊዜ ከታገሡ ትንሽ ቀን ምን ያደርጋል?

አባባ ካሳ ዛሬ መጥተው ነበር። "ምን ሆነሽ ነው የከሳሽ?" አሉኝ። የእናቴን ዓይን ነገርኳቸው። "እኔን ይድፋኝ። እኔ'ኮ ለሠርጉ ነው የመሰለኝ የቸኮላችሁት" አሉ። አምናቸዋለሁ። እኚህን ሰውዬ መጥላት እንዴት በቀለለኝ ነበር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

መኪናው ገባ። ብርማ ነው። መልካሙ ከተማውን ጥሩምባ እየነፋ ዞረ። ጎረቤት ወጣ፣ ቄሱ ጠበል ረጩት። ወንበሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ አልተነሣም፤ አይነሣምም ተብሏል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፎቶ ተነሡበት። እኔም ተነሣሁ፤ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ በሩን ይዤ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም፤ ፎቶው ላይ ግን ስቄያለሁ።

ከኋላ ገባሁና እግሬን ዘረጋሁ። አይዘረጋም። መልካሙ ረጅም ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ነው የሚነዳው። "እንዴት ነው?" አለኝ። "ጥሩ ነው" አልኩት።

ነገ እንሂድ አልኩ። ጠጠሩ ቀለሙን ይልጠዋል፣ መጀመሪያ መንገዱን ልጠይቅ አለ። መንገድ ይጠይቃል! የተወለደበትን አገር መንገድ! ጮኽኩበት። ከተጋባን እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። "ለእናትሽ ስንል የገዛነውን መኪና በእናትሽ ስም ልትሰብሪው ነው?" አለኝ። እሺ፣ ዓርብ ተባለ። ዓርብ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

አርብ ገበያ፤ ቀኑ ዓርብ፤ ገበያው ሞልቷል። ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ። ሰው መንገድ ለቀቀልን። አህያ የሚነዱ ቆመው አዩን። አንዲት አብራኝ የተማረች ሴት "ፅጌረዳ ናት! ፅጌረዳ ናት!" ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። በልጅነቴ እማዬን ከነድንቿ በእግሬ ተከትዬ በመጣሁበት መንገድ በብርማ መኪና ገባሁ።

እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰውዳ አስጠግታት። ሞተሩ ሲጠፋ ነጠላዋን አስተካከለችና "እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ" አለች። ፊቷን ያዞረችው ግን ወደ ሰውዳ ቤት ግድግዳ ነበር። መኪናው በሌላ በኩል ቆሟል። ያ ገበያ ሙሉ ሰው፣ እንዲያየኝ የጠበቅሁት ሰው፣ አየኝ።

ሰውዳ ቀስ ብላ ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው። ያው ጠረጴዛ፣ ያው የፕላስቲክ ዓይን። መብራት አበራባት፣ አጠፋ፣ አበራ። "ይታይሽ እንደሆነ ንገሪኝ እናቴ" አላት። "ንጋት ይመስላል" አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "የካቲት ብትመጡ ይሄን አቆየዋለሁ ብዬ ነበር። ምን ሆናችሁ?" አለ።

መልካሙ "መንገድ ተዘግቶ..." አለ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ልነግረው ነበር። "መንገዱ ተዘግቶ ነው" አልኩ። ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከብዙ ሰው የሚሰማው ነገር ነው። እማዬ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ወደ ቤት እየመለስናት መጣን፤ እኛ ዘንድ ትሁን ስላት "ግድግዳዬን አውቀዋለሁ፣ እዚያው ልሁን" አለች። እግሯ ጭኔ ላይ ነበር፤ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። እንዳያስመልሳት ሎሚ ይዤ ነበር፤ አላስፈለገም። ጋሳይን ስናልፍ መቀመጫውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

"ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" አለች።

መልካሙ ደስ አለው። ከባሕር ዳር ከተነሣን መጀመሪያ የተናገረው ይሄኔ ነው። "ብርማ ነው እማማ! ጥቁር የሬሳ ይመስላል፣ ነጭ ደግሞ ብዙ ነው። ብርማ ግን ቢቆሽሽ አያሳይም። ፀሐይ ሲመታው ቢያዩት..." ንግግሩን አቆመ። ከዚያ ቀጠለ። በጋውን ሙሉ የተጨቃጨቅንበትን ሁሉ አንድ ሳይቀር አስረዳት።

"ብርማ" አለች እማዬ ለራሷ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። "የፈሃድ አይሱዙ ሰማያዊ ነው። እሱን አይቼዋለሁ።"

"መቼ አየሽው?"

"ያን ሰኞ ነዋ። አይሆንም ማለትሽን ሰውዳ ነግራዋለች፤ እሱ ግን ምናልባት ልጅቷ ሐሳቧን ብትለውጥ ብሎ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። እኔም ምናልባት ብዬ ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ ተቀምጬ ነበር። ደህና አድርጌ ነው ያየሁት። ሰማያዊ ነው፣ በሩ ላይ ቀይ መስመር አለው። የድንቹ ጆንያ ሁሉ ይታየኝ ነበር።"

እግሯን ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይታ እጄን መታ መታ አደረገችኝ። "ደህና አደረግሽ ግን ልጄ" አለች። "ይሄኛው ይሻላል። አይንገጫገጭም።"

መልካሙ በመስታወቱ አየኝ። "አላልኩሽም?" አለኝ።